ምራቂ የማይቀበለው በር

አበበች በደብረ ታቦር ገበያ ድንች ስትሸጥ ሚዛኑ ላይ ዓይኑን የሚያፈጥ ደንበኛ አልነበራትም። ድንቹ ተመዝኖ ዘንቢል ውስጥ ከገባ በኋላም እጇ አይሰበሰብማ! ሁለት ሦስት ፍሬ፣ ያውም ከደህና ደህናው መርጣ፣ «ይቺ ደግሞ ምራቂ» ብላ ጣል ታደርጋለች። ልክ መዝና ብቻ የምትሸጥ ነጋዴ ለእሷ ሰላምታ እንደ ነፈገች ጎረቤት ናት። ገበያተኛው ሁሉ «አበበች ደጓ» ይላታል። እሷም፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ደግ መባሉን እጅግ አድርጋ ትወደው ነበር።

ወገቧ ቀኑን ሙሉ ገበያ መዋሉን እምቢ ሲላት ወደ ትውልድ ቀዬዋ ወደ ገሳይ ተመለሰች። እዚያ ያለው የድንች አምራቾች ማኅበር መጋዘን ውስጥ ሰው ይፈልግ ነበር። የማኅበሩ ሊቀ መንበር የኔታ ሚልኪያስ ናቸው፤ ጠዋት ቅኔ ያስተምራሉ፣ ከሰዓት በኋላ ስለ ድንች ይጨነቃሉ። «እጇ ንጹሕ ነው፣ ሌላ ምን እንፈልጋለን?» ብለው ቀጠሯት። ሥራዋ ቀላል ነው። ድንቹ ተመርጦና ተመዝኖ ጆንያ ውስጥ ከገባ በኋላ አፉን መስፋት።

ድንቹን የሚገዛው ባሕር ዳር ያለ አንድ ትልቅ የምግብ መደብር ነው። ገዢ ሲባል ግን እኛ እንደምናውቀው ገዢ እንዳይመስላችሁ። አይከራከርም፣ ደውሎም እንዴት ከረማችሁ አይልም። ማዘዣው ከእሱ ኮምፒውተር ተነሥቶ ገሳይ ቢሮ ውስጥ ያለው ኮምፒውተር ላይ ዱብ ይላል፤ በመካከል የሰው አፍ የለበትም። ይህን የምታውቀው የማኅበሩ አባል የአያ ይርጋ ልጅ ርብቃ ብቻ ናት። ዩኒቨርሲቲ ተምራ፣ ከተማ ልቅር ሳትል ወደ አባቷ ቤት የተመለሰች ጭምት ልጅ። ጆንያው እንደ ተመዘነ ክብደቱን ትመዘግብና የየጆንያውን ልክ መኪናው ሳይነሣ በኮምፒውተሩ ትልካለች። ባሕር ዳር ሲደርስ ጆንያዎቹ እንደገና ይመዘናሉ። ማሽኑ አስቀድሞ ከተነገረው ጋር ያስተያያል፤ ከገጠመ በሩ ይከፈታል፣ ካልገጠመ አይከፈትም። ጥበቃውን ብትለምኑት፣ ብታለቅሱበትም ቁልፉ እሱ ዘንድ የለም።

አበበች ይህን ማን ነግሯት? ቢነግሯትስ መች ትሰማለች! ሥራ በጀመረች ሰሞን፣ ርብቃ መዝግባ ወደ ቢሮ ስትገባ፣ ከራሷ ጓሮ ካመጣችው ድንች በየጆንያው አፍ ሦስት አራት ፍሬ እየጨመረች ሰፋች። ባዶ እጁን የወጣ ጆንያ እንዳይኖር ብላ ነው። ስትጨርስ ደስ አላት፤ መኪናውንም በሰላም ግባ ብላ ሸኘችው።

መኪናው በማግስቱ ድንቹን ሳያስረክብ ተመለሰ። በሩ አልተከፈተለትም። ሾፌሩ ሐሙሲት ላይ ቆሞ የቻለውን ያህል መንገድ ዳር በርካሽ አራግፏል፤ የተረፈው ዝናብ መትቶት ሽታው ተለውጧል። መደብሩም ቁጥራችሁ አይታመንም፣ አንድ ጊዜ ቢደገም ውላችን ፈረሰ ብሎ አስጠነቀቀ። የስንት ገበሬ ድካም ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባላቱ በማኅበሩ አዳራሽ ተሰበሰቡ። ርብቃ ተነሥታ ቆመች።

«የኔታ፣ እኔ ሚዛኑ ያለውን ነው የላክሁት። እዚያ ሲመዘን ግን እያንዳንዱ ጆንያ በልጦ ተገኘ።»

«በልጦ?» አሉ የኔታ። አዳራሹ በሣቅ ተሞላ። «አበዛችሁልኝ ብሎ ዕቃ የሚመልስ ገበያ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ለማሽኑ መብለጡም መጉደሉም አንድ ነው፤ የኔታ። የነገርነውና ያገኘው ካልገጠመ አያምነንም።»

አባቷ አያ ይርጋ ከመቀመጫው ዘለለ። «የሰው ድካም ያበሰበስሽው አንሶ ትዋሺያለሽ? ቁጥር መጻፍ ካቃተሽ አቃተኝ በይ! በአገር ፊት አዋረድሽኝ!»

አበበች ክው አለች። ያን ጊዜ ነው የገባት። ጆሮዋ ሥር ድረስ ጋለች። እኔ ነኝ ልትል አፏን ከፈተች። የሚያከብሯት ሰዎች ሁሉ ፊታቸውን ወደ እሷ አዞሩ፤ ደግ ነገር ከእሷ መስማት ለምደዋል። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«ተዉ እንጂ እናንተ፣ ልጅ አይደለች? ልጅ ይሳሳታል። ስለ እመብርሃን ብላችሁ ይቅር በሏት።»

«ምናለ ሰው ሁሉ እንደ አበበች ቢሆን!» አለ አንዱ። ርብቃ የቢሮውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች።

ከዚያ በኋላ የነበረው ሰሞን አበበች አበሳዋን አየች። ሰው ሰላም ሲላት አንገቷን ትደፋለች። ውኃ ስትቀዳ፣ እሳት ስታያይዝ «ይቅር በሏት» ያለችው ድምፅ ጆሮዋ ላይ ያቃጭላል። ምን ዓይነት ሰው ነው በራሱ ጥፋት ለሌላው የሚማልድ? ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ከደጀ ሰላሙ ማለፍ አልቻለችም፤ ከውጭ ተሳልማ ተመለሰች። መጋዘኑም ተዘግቷል። ኮምፒውተሩ ላይ አዲስ ማዘዣ ይመጣል፣ የሚመልስለት ግን የለም። ድንቹ ክምር ላይ ማቆጥቆጥ ጀመረ፤ ርብቃም ባሕር ዳር ሥራ ልትፈልግ ነው ተባለ።

በሚቀጥለው እሑድ ስብሰባ አበበች ማንም ሳይጠይቃት ተነሣች።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። «ከተመዘነ በኋላ ምራቂ የጨመርሁበት እኔ ነኝ። ባለፈው እሑድ ገብቶኝ ነበር። ገብቶኝ ዝም አልሁ።»

ለስድቡ ተዘጋጅታለች። ውጪ ቢሉኝ እወጣለሁ፣ ቢተፉብኝም ይገባኛል ብላ ነው የመጣችው። አንዱ ሽማግሌ ግን ከት ብሎ ሣቀ፣ ሌላውም ተከተለው።

«አይ አበበች! ለማሽንም ምራቂ?»

የኔታ እንባቸው እስኪወጣ ሥቀው ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። «ደግነት ነው እኮ ያሳሳታት። እግዜር ይስጥሽ።» አያ ይርጋ ደግሞ መጥቶ ትከሻዋን ሳማት። «ያውም ከራስሽ ጓሮ አምጥተሽ! አንቺማ የተባረክሽ ነሽ።»

ርብቃ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ወደ እሷ የዞረ ሰው አልነበረም። አባቷም እንኳ አልዞረም። የኔታ ብቻ፣ ነገሩ እንዳለቀ ሁሉ፣ «በይ ርብቃ፣ ነገ ሥራሽ ላይ ግቢ» አሏት።

አበበች ቢሰድቧት በተሻላት ነበር። ይህንኑ ድንች ርብቃ አበላሸችው ሲባል ወንጀል ነበር፤ እሷ አበላሸችው ሲባል ምርቃት ሆነ። በሣቁ መሐል ወደ በሩ ሄደችና ልጅ ከምትሆናት ከርብቃ ፊት ተንበረከከች።

ርብቃ ደንግጣ ብብቷን ይዛ አነሣቻት። «ኧረ በሕግ! ይነሡ እትዬ፣ ይህን አያድርጉብኝ።»

«ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

«ስለ ድንቹ ከሆነ ይቅር ብያለሁ። አላወቁም።» ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አባቴ ሲሰድበኝ አላለቀስሁም፤ ትክክል እንደ ነበርሁ አውቃለሁ። እርስዎ ይቅር በሏት ብለው ሲለምኑልኝ ግን፣ እትዬ አበበችማ በሐሰት አይማልዱም፣ እውነትም አጥፍቼ ይሆናል ብዬ ራሴን ተጠራጠርሁ። ሰሞኑን ሁሉ ቁጥሮቼን ስቆጥር ነው የሰነበትሁ።»

ርብቃ ጫማዋን አስተካክላ ወጣች። ከአዳራሹ ፊት «አበበች፣ ነይ እንጂ፣ እዚህ ከእኛ ጋር ተቀመጪ» እያሉ ቦታ ለቀቁላት፤ እሷ ግን በሩ ላይ እንደ ቆመች ቀረች።