የአልማዝ እግር

ጎረቤቴ ቆሻሻዋን ከአጥሩ ጥግ ሰብስባ እሳት የለኮሰችበት ቀን ሁሉ፣ የሚቃጠል ፕላስቲክ ሽታ በመስኮት ገብቶ ጉሮሮዬን ሲይዘኝ፣ የጀመርኩትን ሥራ ጥዬ ወደ በሩ እሮጣለሁ። ለምን እንደምሮጥ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሌላው ሰው አባቱን በትምባሆ ወይም በሳሙና ሽታ ያስታውስ ይሆናል፣ እኔ አባባን የማስታውሰው በቀለጠ ጀሪካን ነው።

አባባ ከሰሜን በወታደርነት መጥቶ፣ ሠራዊቱ ሲበተን አርባ ምንጭ ቀርቶ፣ ከኦቾሎ መንደር የመጣችውን ጋሞዋን እናቴን አግብቶ፣ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር መናኸሪያው አጠገብ ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ጆተኒ ያጫውት ነበር። በዘንጎቹ ላይ የተሰኩትን የፕላስቲክ ተጫዋቾች «ሰዎቹ» ነበር የምንላቸው። ጎረምሳ እልህ ይዞት ዘንጉን ባሽከረከረ ቁጥር የአንዱ ሰው እግር ይቀነጠሳል። መለዋወጫ የሚሸጥ ስላልነበረ አባባ ራሱ ይሠራቸው ነበር፤ ደህናውን ሰው ዘይት ቀብቶ ጄሶ ውስጥ እየቀበረ ቅርጽ ያወጣና፣ የጀሪካንና የሳፋ ስባሪ በጣሳ ከሰል ላይ አቅልጦ፣ እንደ ሊጥ ሲሆንለት በእንጨት እየጠቀጠቀ ይሞላዋል። ሲበርድ ትርፉን በምላጭ የምትቆርጠውና የዘንጉን ቀዳዳ በጋለ ሚስማር የምትበሳው ታላቅ እህቴ አልማዝ ነበረች፤ እጇ ከእሱ እጅ ይሻል ነበር።

እኛ ቤት በዱላ አንቀጣም ነበር። አባባ ያጠፋው ሰው የሚወደውን የፕላስቲክ ዕቃ ፈልጎ ያቀልጥ ነበር። እማዬ ሳታስፈቅድ ለወንድሟ ልጅ ሙዝ ብትሰጥ ቢጫ ጆጓ ቀለጠ፤ እኔ ቃል ብመልስለት የአሻንጉሊቴ ፊት ጣሳው ውስጥ ሲፈስ ቁጭ አድርጎ አሳየኝ። ከዚያ በኋላ የእማዬ ጆግ አጥቂ ሆኖ፣ የእኔ አሻንጉሊት ተከላካይ ሆኖ፣ መንገደኛው ሁሉ ሲያሽከረክራቸው እያየን እንውል ነበር። አቤት ጭካኔ! ያኔ ግን የሁሉም ሰው አባት እንዲህ ይመስለኝ ነበር።

በጋው ላይ ማንጎ ሲደርስ አልማዝ ከትምህርት መልስ መናኸሪያው ውስጥ በሳህን እያዞረች ሸጣ ሮዝ ኮንጎ የፕላስቲክ ጫማ ገዛች። ስምንተኛ ክፍል ነበረች፣ ከክፍሏ አንደኛ ትወጣለች፣ የሚኒስትሪውን ፈተና አልፋ፣ ተምራ ነርስ መሆን ነበር ሐሳቧ። ባዶ እግሩን የመጣ ተማሪ ዘበኛው ከበር ይመልስ ስለነበር፣ ጫማውን ከትምህርት ቤት ስትመለስ አጥባ፣ አድርቃ፣ በጨርቅ ጠቅልላ ራስጌዋ ታስቀምጠው ነበር። «ቂጣ ነው እንዴ እንዲህ የምትጠቀልዪው?» እያልኩ አበሽቃት ነበር።

የበልጉ ዝናብ ሲያቆም ፈተናው ደረሰ። በዋዜማው አንድ ጎረምሳ ተሸንፎ፣ ንዴቱን የሚወጣበት ሲያጣ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ጆተኒ ሲጠብቁ ልጅዎ በባጃጅ ከወንድ ጋር ትንሸራሸራለች» ብሎት ሄደ። አልማዝ የፈተና ካርዷን ተቀብላ ከክፍሏ ልጆች ጋር ተጨናንቃ ነበር የተሳፈረችው። ማን ሊሰማት!

አባባ አልጮኸም። ጓዳ ገብቶ ጨርቁን ፈትቶ፣ ጫማውን ይዞ ከሰሉ አጠገብ ተቀመጠ። እማዬ በሩ ላይ ቆማ፣ በዚያ ጋሞኛ በሚጎትተው አማርኛዋ፣ «ኧረ በማርያም፣ ነገ ፈተና አላት፣ የኔን ሳፋ አቅልጡ» አለችው። እሱ ከሰሉን አራገበ።

አልማዝ አላለቀሰችም። ፊት ለፊቱ ቁጢጥ ብላ፣ ስለ ሥራ እንደሚያወሩ ሰዎች ረጋ ብላ፣ «አባባ፣ ኮንጎ እኮ ለሰዎቹ አይሆንም። ይልፈሰፈሳል፣ ኳስ አይመታም። ባለፈው ሞክረን ጣልነው» አለችው።

«አውቃለሁ» አለና ጫማውን በቢላ ቆራርጦ ጣሳው ውስጥ ጨመረው።

«ጫማ ያዋሳት ከቤቴ ይውጣ» ብሎ ስለ ነበር እማዬም የራሷን ልታወጣላት አልደፈረችም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባል የለ፤ የእማዬ ኑሮ ይኸው ነበር። በነጋታው አልማዝ ባዶ እግሯን ሄዳ፣ ዘበኛው ከበር መልሷት፣ ፊቷ አቧራና እንባ ሆኖ ተመለሰች። ፈተናው አለፋት። አባባ ከጫማዋ የወጣውን ሮዝ ሰው በረኛ አድርጎ ተከለው፤ ኳስ ሲመጣ እግሩ እየታጠፈ ስለሚያሳልፍ ጎረምሶቹ «የአልማዝ እግር» ብለው ስም አወጡለት። ጎል በገባ ቁጥር «አልማዝ አሳለፈች!» እያሉ በሳቅ ሲፈነዱ እሷ ጓዳ ሆና ትሰማ ነበር። ክረምቱ ሳይወጣ የአክስታችን ልጅ ሐዋሳ ወስዳ ሰው ቤት አስቀጠረቻት።

ዓመታት አልፈው፣ አባባ ዓይኑ ጠፍቶ አልጋ ከያዘ በኋላ፣ አንድ የጥቅምት ቀን አልማዝ መጣች። ሰላም ብላን፣ በረንዳው ላይ ሸረሪት ያደራበትን ጆተኒ ዞር ዞር ብላ አይታ፣ ሮዙን ሰው ከዘንጉ ነቀለችው። ከዚያ ከሰል አቀጣጥላ፣ ምድጃውን ከአባባ አልጋ አጠገብ አድርጋ ተቀመጠች። ልታሞቀው መስሎኝ ነበር። ሽታው ሲነሳ አባባ በዳበሳ ቀና ብሎ፣ «ምንድን ነው የሚቀልጠው?» አለ።

«ጫማዬ ነው፣ አባባ።»

«አልማዝ ነሽ? ልጄ፣ ተይ አንሺው፣ ያፍነኛል።»

«አውቃለሁ» አለችው።

ቀልጦ እስኪያልቅ ጠበቀችና፣ እማዬን ስማ፣ በከሰዓቱ ሚኒባስ ተመለሰች። ለቀብሩም አልመጣችም።

እኔ አሁንም ሲቀላ ነኝ። ጆተኒውን እማዬ ለማገዶ ፈልጣዋለች፣ ዛሬ በዚያ በረንዳ ላይ የልጄ ጫማዎች ናቸው ተደርድረው የሚውሉት። የጎረቤቴ ጭስ ሲመጣ የምሮጠው እነሱን ሰብስቤ ጓዳ ለማስገባት ነው። «እማ፣ ማን ሊወስድብኝ ነው?» ብላ ትስቅብኛለች፣ ልክ እኔ በዚያ በጨርቅ በተጠቀለለ ጫማ እስቅ እንደነበረው። ትሳቅ።