በአፅም የሳቅን ዕለት

ትናንት ሙርዋይክ በሚባለው ሰፈር ከትራም ስወርድ አንድ በረንዳ ላይ የፕላስቲክ አፅም ተንጠልጥሎ አየሁ። ደሜ ፈላ።

አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከእህቴ ጋር ሶፋ ላይ ተጠጋግተን የምንወደውን ካርቱን፣ በሙታን የሚቀለድበትን የሃሎዊን በዓል ክፍል እናያለን። አንድ ቤተሰብ የሞተ አያቱን ከመቃብር ቆፍሮ ለድግስ አመጣው። አፅሙ ሲጨፍር መንጋጋው ሾርባ ውስጥ ወደቀ፤ እኛ በሳቅ ፍርስ አልን።

አባባ ባሕር ዳርቻው ስኬቨኒንገን ካለው የሆቴል ማድቤት ሥራቸው ተመልሰው፣ የዓሣ ዘይት የሚሸት ጃኬታቸውን ሳያወልቁ ከኋላችን ቆመው ኖሯል። የቴሌቪዥኑን ገመድ ከግድግዳው ነቀሉት።

«አባባ፣ ቀልድ እኮ ነው! ኽራፕዬ!» አለች እህቴ፣ ቀልድነቱን በሆላንድኛ እየደገመች።

«ቀልድ?» አሉ ገመዱን እንደያዙ። «እኔ የተገደለው ወንድሜ የት እንደተጣለ የሚነግረኝ አጥቼ፣ አፅሙን እንኳ ሳልቀብር እኖራለሁ። እናንተ በአፅም ትስቃላችሁ?»

ወንድም እንደነበራቸው የሰማነው ያኔ ነው። «ማን ነው? ምን ሆነ?» ብላቸው «ተኙ!» አሉን፤ ገና ሳይመሽ።

ባለፈው እሁድ፣ ከስንት ዓመት በኋላ፣ ስለ ወንድማቸው እንደገና ጠየቅኳቸው።

«ተይው» ብለው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ጮህኩባቸው። ገዳዮቹንም፣ ይህን ዝምታም እረግማለሁ። የማለቅስለትን አጎቴን ግን በስሙ ልጠራው አልችልም፤ እስከ ዛሬ አልነገሩኝም።