ትርፌ ለራሷ የሰጠችው ነጥብ

ጎረቤቴ ትርፌ የመጋዘን ኃላፊ ናት፤ የምትሠራው እዚህ ሶዶ፣ አንድ የምርጥ ዘር አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ ነው። አምስቱን የመጋዘን ቁልፎች በሰማያዊ ሲባጎ አስራ አንገቷ ላይ ታንጠለጥላቸዋለች። ጠዋት በአጥሬ ሥር ስታልፍ ቁልፎቹ ከሹራቧ ሥር ሲጋጩ ይሰማኛል።

የተወለደችው ሁምቦ ነው። ድርጅቱ ተበላ ከተማ ባለው ቅርንጫፍ በቆሎ ለቃሚ ሆና ስትገባ ገና ልጅ እግር ነበረች። ሥራ ከገባች አሁን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆናት። ገበሬው ካመጣው በቆሎ አንዷን ፍሬ በጥርሷ ሰብራ "ይህ አልደረቀም፣ ይመለስ" ትላለች፤ ቀጥሎ የእርጥበት መለኪያው የሚናገረውም ያንኑ ነው። ቅዳሜን ሙሉ፣ እሑድን ከቸርች መልስ እየተማረች በአርባ አንድ ዓመቷ ዲግሪ ያዘች። የምርቃት ፎቶዋ ግድግዳዋ ላይ አለ። ጋወኑ ሰፍቷት ትከሻዋ ላይ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል፤ መርፌ ቁልፉ ይታያል።

የምትመኘው አንድ ነገር ነበር፤ በለቃሚነት የጀመረችበትን የተበላ ቅርንጫፍ በሥራ አስኪያጅነት መምራት። "የዚያ ግቢ ጣሪያ በየት በኩል እንደሚያፈስ እንኳ አውቃለሁ" ትለኝ ነበር።

አምና ቦታው ክፍት ሆነ። ከዋናው መሥሪያ ቤት ሳምራ የምትባል የሰው ኃይል ባለሙያ መጣች። ሠራተኛውን ሰብስባ፣ "ከእንግዲህ ዕድገት በዕድሜ ወይም በዘመድ አይደለም። ታለንት ማኔጅመንት ጀምረናል። ተሰጥኦ ያለውን ለይተን እናሳድጋለን" አለች። ሁሉም ለራሱ ከአምስት ነጥብ ይሰጣል፤ ባልደረቦቹ ተወያይተው ያጸድቃሉ፤ አለቃው ፈርሞ ይልካል።

ትርፌ ደስ አላት። በዚያ መሥሪያ ቤት ግምገማ የቆየ ነገር ነው፤ ወጉም የታወቀ ነው። ሰው ራሱን ማመስገን ነውር ስለሆነ ዝቅ አድርጎ ይናገራል፤ ባልደረቦቹ ደግሞ "ኧረ ይህ ያንስሻል!" እያሉ ከፍ ያደርጉታል። ስለዚህ ጸልያ ቅጹን ሞላች። ለሁሉም ሁለት ሁለት ሰጠች። "የመምራት ችሎታ" ከሚለው ፊት ለፊት ግን አፍራ አንድ ጻፈች።

ዘርን ከእህል መለየት ያስተማረችው ወጣቱ ባለሙያ ኤልሳዕ ከላይ እስከ ታች አምስት ሞላ።

"ኤልሳዕ፣ አታፍርም?" አለችው።

"እትዬ ትርፌ፣ ወረቀት ያፍራል እንዴ?" ብሎ ሳቀ።

ነጥቡ ከሚጸድቅበት ስብሰባ በፊት በነበረው ቀን አለቃው አቶ ሰብስቤ ከእሷ በቀር ሌሎቹን ቢሮው ጠራቸው። ጽዳት ሠራተኛዋ ማክዳ መስኮት እየወለወለች ስለነበር ሰምታዋለች።

"ትርፌ ተበላ ከሄደች ከእናንተ አንዱ መጋዘኑን ይረከባል" አላቸው። "በዘር ወቅት እሑድ የለም፣ ፈቃድ የለም። ማን ይረከባል?"

ማንም እጁን አላወጣም።

"እንግዲያው ነገ ዝም በሉ።"

በማግሥቱ መጋዘን ውስጥ ከረጢት ላይ ተቀመጡ። አቶ ሰብስቤ አነበበ። "ትርፌ። የመምራት ችሎታ፣ አንድ።" መነጽሩን አውልቆ ዙሪያውን አየ። "አስተያየት ያለው?"

ትርፌ አቀርቅራ "ኧረ!" የሚለውን ድምፅ ጠበቀች። አንዱ ጣቱን አንቋቋ። ሌላው ከከረጢቱ ስፌት ክር መዘዘ።

"ራሷ ያለችውን እኛ እንዴት እንለውጣለን?" አለ ኤልሳዕ።

"ጸድቋል" አለ አቶ ሰብስቤ።

ሌሎቹ ሲወጡ ተከተለችው። "አቶ ሰብስቤ፣ እኔ እኮ እንደ ድሮው መስሎኝ ነው። እባክዎ ላስተካክለው።"

"ፊርማው የማን ነው?"

"የእኔ ነው፤ ግን..."

"ስሚ ትርፍዬ፣ አንቺ የዚህ ቤት ምሰሶ ነሽ። ምሰሶ ይነቀላል እንዴ? እስኪ በይ፣ በሩን ቆልፊ።"

ሳምራ ጋ ደወለች። ሳምራ በትሕትና ሰማቻት። ሲስተሙ መዘጋቱን፣ ችግሯ በራስ የመተማመን ማነስ መሆኑን፣ ለዚህም ሥልጠና እንደሚዘጋጅላት ነገረቻት።

ኤልሳዕ ተበላ ሄደ። በቀን ሁለት ሦስቴ ይደውላል። "እትዬ፣ ይህ በቆሎ ነቀዝ ጀምሮታል? ፎቶውን ልላክልሽ?" የተቀቀለ የቦይና ሥር በቃሪያ ዳጣ እያጠቀሰች ስትበላ ከደወለም እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ታነሳለታለች። የተባለው ሥልጠና ሲደርስ አሠልጣኙ እሱ ነበር፤ ርዕሱ "ራስን ማወቅ"። የፊት ወንበር ላይ አስቀምጧት፣ "እንደ እትዬ ትርፌ ለራሳችን አንድ የምንሰጥ ከሆነ ማን አምስት ይሰጠናል?" አለ። ሁሉም ሳቁ። እሷም አብራ ሳቀች።

ዘንድሮ ቅጹ እንደገና መጣ። ኤልሳዕ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት አድጎ ነበርና የተበላው ቦታ ዳግም ክፍት ነው። ትርፌ ሦስት ቀን ቅጹን ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ዞረች። በአራተኛው ቀን እኔ ቤት መጥታ ሁሉንም አምስት ሞላች። የመጨረሻውን አምስት ሁለቴ አደመቀችው።

ያው መጋዘን፣ ያው ከረጢት። አቶ ሰብስቤ አነበበ። "ትርፌ። የመምራት ችሎታ፣ አምስት።"

በዚህ ጊዜ ዝም ያለ የለም።

"ኧረ! ኧረ ትርፌ!"

"ምን ነካሽ? አንቺ እንኳ እንዲህ አልነበርሽም!"

"አማኝ ሰው ራሱን እንዲህ ከፍ ከፍ ያደርጋል?"

አቶ ሰብስቤ የሰዉ ሳቅ እስኪበርድ ጠበቀ። አምስቱን ሰርዞ ጎኑ ሁለት ጻፈና ወረቀቱን ከነእስክሪብቶው ዘረጋላት።

"እዚህ ጋ ፈርሚ። መኪና ስለመጣ ቶሎ በይ፣ ቁልፉ አንቺ ጋ ነው።"

ፈረመች። ሲባጎውን ከአንገቷ አውልቃ በሩን ልትከፍት ሄደች።