መጅ በቀሚሴ ውስጥ

«ሁለት ጣት ታጥሪያለሽ!» አለኝ መዝጋቢው ማንደፍሮ፣ የቁመት መለኪያውን እንጨት አናቴ ላይ ጫን አድርጎ። ለፓርክ ጥበቃ ስካውትነት ልመዘገብ ደባርቅ ሄጄ ነው። ማንደፍሮ የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ አሁን በር የሚያልፈው ጎንበስ ብሎ ነው።

የእንጨቱ ቅዝቃዜ አምስት ዓመት ሳይሞላኝ የተሸከምኩትን መጅ አስታወሰኝ። ኩፍኝ አክስቶኝ አጥንቴ ብቻ ቀርቶ፣ ጤና ጣቢያው ግቢ ዛፍ ላይ በተሰቀለው ሚዛን ልመዘን ነው። እናቴ «ልጇን አታበላም ልባል እንዴ?» ብላ በርበሬ የምትፈጭበትን መጅ ቀሚሴ ውስጥ ሸጉጣ በመቀነት አሰረችልኝ። የድንጋዩ ቅዝቃዜ ሆዴን በረዶ አደረገው።

«ጎበዝ እናት! ይቺስ አገግማለች» አለ ነርሱ ሚዛኑን አይቶ። «በዚህ ዕድሜ የጎደለ ኋላ በቁመት ይታያል። አልሚ ዱቄቱን ለከሱት ነው የምሰጠው።»

እኔ የገባኝ ዱቄት የሚለው ብቻ ነበር። እናቴ በኩራት ተንጎራደደች። ያንን ስኳር ስኳር የሚል ዱቄት ከኋላችን የተሰለፈው ከሲታው ማንደፍሮ ወሰደው፤ እዚያው እየዘገነ ሲቅም እስከ ቅንድቡ ዱቄት በዱቄት ሆነ።

«ምን ላድርግልሽ እህቴ፣ ደንብ ነው» አለኝ አሁን።

«ምን ታደርግልኛለህ፣ ሁለቱን ጣት የበላህብኝ አንተ!» ብዬ ወረቀቴን ከእጁ ነጥቄ ወጣሁ።