እትዬ ኮተቷን የሰበሰበች ጊዜ

እትዬ የምላት ታላቅ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። እጇ ወርቅ ነው፤ ቤቷ ግን እንግዳ አያስገባም ነበር። ወንበሩ ላይ ሻርፕ፣ አልጋው ላይ ቁርጥራጭ ጨርቅ፣ በሩ ሥር ከነጭቃው የወለቀ ጫማ። መቀስ ጠፋኝ ብላ ቤቱን ስትገለብጥ ትውልና ተቀምጣበት የነበረው ወንበር ላይ ይገኛል። ስቆጣት «ሁሉም የት እንዳለ አውቃለሁ እኮ» ትለኛለች። ውሸቷን ነው።

ባሏ ጋሼ አውቶቡስ ነጂ ነበር። ዓይኑ ቀስ በቀስ ደከመና ሥራውን ተወ፤ ዘንድሮ ጭራሽ ጥላ መለየትም አቃተው። አንድ ቀን የእትዬ የጨርቅ ከረጢት ጠልፎት ወደቀና ግንባሩ ተፈነከተ። «ምንም አልሆንኩም» አለ። ከዚያ ወዲህ ግን ከወንበሩ መነሳት ፈራ፤ ውሃ ሲጠማው እንኳ እሷ እስክትመጣ ይጠብቃል። እትዬን አንጀቷን የበላው ይሄ ነው።

ያኔ እህቴ ሌላ ሰው ሆነች። ያነሳችውን ዕቃ ቦታው ሳታደርስ ከእጇ አታስቀምጥም። አዲስ ነገር ከገዛች አሮጌው ይወጣል። ጠዋት ከመውጣቷ በፊት ዓይኗን ጨፍና በባዶ እግሯ ቤቱን ትዞራለች፤ እግሯን የነካው ሁሉ ይነሳል። የእኔንም ቦርሳ ስንት ጊዜ ከወለል ላይ አንስታ ሰቅላብኛለች። ጋሼ ግድግዳውን እየዳሰሰ ብቻውን ውሃ መቅዳት ሲጀምር እልል ማለት ነበር የቀረን።

ደስታው ልቧን ሞላውና አንድ ጠዋት የቀረውንም ጥርግ አደረገችው። ወንበሯ ላይ የቀረው ሻርፕ፣ በሩ ጥግ የተደረደረው ጫማዋ፣ በር ላይ የሚንጠለጠለው ሹራቧ ሳይቀር ቁም ሳጥን ገባ። ከዚያ እንደ ወትሮዋ ወደ ስፌት ሱቋ ሄደች።

ከሰዓት አብረን ስንመለስ ጋሼ ደጃፉ ላይ ቆሟል። ኮቱን ገልብጦ ለብሷል፤ ጫማውን ግራና ቀኝ አቀያይሮ አጥልቋል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ጋሼ፣ ወዴት ነው?» አልኩት።

«እሷን ፍለጋ።»

«እኔን? ሱቅ ነበርኩ እኮ!» አለች እትዬ።

ድምጿን ሲሰማ ግድግዳውን ተደገፈ። «ወንበርሽን ዳሰስኩ፣ ባዶ ነው። በሩን ዳሰስኩ፣ ሹራብሽ የለም። ጫማሽም የለም። ዕቃሽን ጠቅልለሽ የሄድሽ መሰለኝ። ዕውር መጦር ሰልችቷት ነው፣ አይፈረድባትም ብዬ ተቀመጥኩ። መቀመጥ ግን አልቻልኩም።»

እኔ ዞሬ መንገዱን አየሁ። ከወንበሩ መነሳት ይፈራ የነበረ ሰው መኪና የሚርመሰመስበትን መንገድ ሊሻገር ነበር።

እትዬ እግሩ ሥር ቁጭ ብላ ጫማውን ትፈታ ጀመር። «በዚህ ጫማ ነው የምትፈልገኝ?» አለች፤ እየሳቀች ነው እንዳልል እንባዋ ጫማው ላይ ይንጠባጠባል።

ጋሼ ጎንበስ ብሎ ፀጉሯን ዳሰሰ።

«መተላለፊያውን ጥረጊልኝ፣ እሱ ጥሩ ነው» አላት። «ስትወጪ ግን አንድ ነገርሽን ተይልኝ፤ እጄ የሚያገኘው።»