አንድ አምፖል ሰብሬ ሰፈሩን ያስወጣሁ ዕለት

ይህ ከሆነ ሦስት ዓመት አልፎታል። ወሩ ግንቦት ነበር። ቤታችን ሸሕዲ ከተማ ውስጥ ነው፤ ባለቤቴ ትራክተር ነጂ ስለሆነ ያን ጊዜ በረሃ እርሻ ላይ ነበር። ነገሩን የማልረሳው የሰፈሩ ሰው ስለማያስረሳኝ ነው።

እኔ ስፈጠር ፈሪ ነኝ። ምድጃ ካጠፋሁ በኋላ ሁለት ጊዜ ተመልሼ አያለሁ። ጊንጥ ስላለ ጫማውን ሳያራግፍ የሚያጠልቅ ልጅ የለኝም። ታላቋ ልጄ ትርንጎ ብርሃኑ ዓይኔን ወጋኝ ብላ ሻሿን የበራ አምፖል ላይ ጣል አድርጋ ያገኘኋት ጊዜ ስንት ቀን እንቅልፍ አጣሁ። ሻሹ መሃሉ ጠቁሮ ነበር። የድሮው አምፖል እንደ ምድጃ ይግላል።

ከዚያ ሐጂ ኑሩ ሱቅ ሄድኩ። ሐጂ ከሱዳን የሚገባ ዕቃ ይሸጣሉ።

"ሐጂ፣ የማይግል አምፖል አለዎት?"

"ኃይል ቆጣቢ ውሰጂ። አይግልም፣ ቶሎም አይቃጠል። ብቻ እንዳይሰበርብሽ። ከተሰበረ መስኮቱን ክፈቺና ልጆቹን ይዘሽ ውጪ። በመጥረጊያም እንዳትነኪው፤ ውስጡ ትንሽ መርዝ አለው።"

አሰብኩበት። እሳቱ በየቀኑ ነው፤ መርዙ ግን ከተሰበረ ብቻ ነው። ገዛሁ። ቤት ስደርስ "ትንሽ" ያሉትን ረስቼ "መርዝ" ያሉትን ብቻ ይዤ ነበር።

ወር ሳይሞላው ሰበርኩት።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ትርንጎ ትምህርት ቤት ሄዳለች። ትንሿ ልጄ ማስተዋል ያኔ ሁለት ዓመቷ ነው፤ የገመድ አልጋው ላይ ተኝታለች። ዝንቡ እንዳይቀሰቅሳት አጎበር ልዘረጋላት ገመዱን ወደ ጣሪያው ስወረውር አምፖሉን መታሁት። ጠመዝማዛው ብርጭቆ ተሰብሮ እግሯ ሥር ወደቀ።

አንሥቻት ወጣሁ። አፏን ከፍቼ አየሁ፣ ጆሮዋን አየሁ፣ ፀጉሯን አራገፍኩ። ከእንቅልፏ ስለቀሰቀስኳት አለቀሰች። እኔ ግን ልቅሶዋን ከመርዙ ቆጠርኩት።

ለመርዝ የማውቀው ሥርዓት አንድ ብቻ ነው፤ የወባ ረጪዎች ሲመጡ የምናደርገው። ክረምት ሊገባ ሲል መጥተው ግድግዳ ይረጫሉ። ያን ቀን ዱቄቱ፣ ዕቃው፣ ፍራሹ ወጥቶ ላስቲክ ይለብሳል፤ ሰውም ውጭ ይውላል። እኔም ልጄን ግቢያችን ካለው የሣር ዳስ፣ ከረኩባው ጥላ ሥር አስቀመጥኳትና ትንፋሼን ይዤ እየገባሁ ዕቃ ማውጣት ጀመርኩ። መጀመሪያ መስኮቱን ከፈትኩ። ቀጥሎ ዱቄቱን፣ ከዚያ ድስቶቹን፣ ከዚያ ፍራሹን አወጣሁ። ትንፋሼ ሲያልቅ ወጥቼ ተንፍሼ እመለሳለሁ። ሰባት ጊዜ ተመላለስኩ።

እማማ ዘውዴ የሚባሉ ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ አዩኝ። ምንም ሳይሉኝ ወደ ቤታቸው ገቡ። ወዲያው እንስራቸውን ይዘው ወጡ። ቀጥሎ ዱቄታቸውን አወጡ። ላስቲክም አለበሱት።

ደነገጥኩ። መርዙ አጥር ተሻግሮ እሳቸው ዘንድ ገብቷል ማለት ነው። እሳቸው ቤት ከደረሰ እግሯ ሥር የፈሰሰባትን ልጄን ምን አድርጓት ይሆን?

ከእሳቸው ቀጥላ ያለችው ብርቱካን ለቀን ሠራተኞች አልጋ የምታከራይ የጎጃም ሴት ናት። የእሷ ድምፅ ተሰማ። "ውጡ! ተነሡ! ዛሬ የሚተኛ የለም!" ሌሊቱን በመኪና ሲንገላቱ ያደሩ ሠራተኞች ጓዛቸውን ታቅፈው እየተደናበሩ ወጡ። አራተኛውም ቤት ፍራሽ ማውጣት ሲጀምር ልጄን አዝዬ ወደ ጤና ኬላ ሮጥኩ።

የጤና ሠራተኛዋ ወጣት ናት፤ ሁላችንንም በስም ታውቀናለች።

"ሰፈር ውስጥ መርዝ ገብቷል" አልኳት።

"የምን መርዝ?"

"የአምፖል።"

የማስተዋልን ዓይን አየች፣ ደረቷን አዳመጠች፣ እግሯን አገላበጠች። ማስተዋል ከጠረጴዛው ላይ የሴትየዋን ብስኩት አንሥታ በላች።

"ልጅሽ ደህና ናት። ስንት ቤት ነው የተጎዳው?"

"እኔ ስወጣ አራት ነበር።"

ቦርሳዋን ይዛ ተከተለችኝ።

ስንደርስ የመንገዱ ግራና ቀኝ ዕቃ ብቻ ሆኗል። አልጋ፣ ጀሪካን፣ ቴሌቪዥን፣ ቅርጫት ውስጥ እንቁላሏን የታቀፈች ዶሮ። እማማ ዘውዴ ጃንጥላ ዘርግተው ዱቄታቸው አጠገብ ተቀምጠዋል።

"ጎሽ፣ መጣሽልን! ረጪዎቹ የት ደረሱ?" አሏት።

"የምን ረጪ፣ እማማ? ገና ሁለት ሳምንት ይቀራቸዋል።"

"ታዲያ ይቺ ልጅ ዕቃዋን ለምን አወጣች?"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

"አምፖል ሰብሬ ነው" አልኩ።

 ብርቱካን ወገቧን ያዘች። "እና እኔ አሥራ አንድ ጎልማሳ ከእንቅልፍ የቀሰቀስኩ ላንች አምፖል ነው?"

ከሠራተኞቹ አንዱ ጓዙን እንደታቀፈ፣ "እንግባ ወይስ ሌላም የሚሰበር አለሽ?" ብሎ ጠየቀኝ። የምሩን ነበር።

የጤና ሠራተኛዋ ስብርባሪውን በወፍራም ወረቀት ሰበሰበች፤ የቀረውን በእርጥብ ጨርቅ አነሣችና ሁሉንም ክዳን ባለው ቆርቆሮ ከተተችው። "መስኮት መክፈትሽ፣ ልጅቱን ማውጣትሽ ደግ ነው። ያለው መርዝ ግን ትንሽ ነው" አለችኝ።

"ሐጂም እንደዚያ ያሉ መሰለኝ" አልኩ።

እማማ ዘውዴ ዕቃው ከወጣ አይቀር ብለው ቤታቸውን ጠረጉ። እኔም አገዝኳቸው። ሌላ ምን ላድርግ?

ከሁለት ሳምንት በኋላ እውነተኞቹ ረጪዎች መጡ። እንደ ልማዴ ቀድሜ ዕቃዬን አወጣሁ። ማንም አልተከተለኝም። እማማ ዘውዴ በአጥሩ ላይ አዩኝና ገብተው በሩን ዘጉ። ረጪዎቹ ቆመው እየጠበቁ እኔ በየቤቱ እየዞርኩ አምፖል እንዳልሰበርኩ ማልኩ። ብርቱካን ራሷ መጥታ ጣሪያዬን ቀና ብላ አይታ ነው ያመነችኝ።

ማስተዋል አሁን አምስት ዓመቷ ነው፤ ደህና ናት። ቤቴ ውስጥ ያለው አሁንም ኃይል ቆጣቢ ነው። አጎበር ስሰቅል ግን አስቀድሜ ልጆቹን አስወጣለሁ። ሰው ይስቅብኛል፤ ይሳቅብኝ። ያን ቀን ልጄ እግሯ ሥር ብርጭቆ ሲወድቅ ያየሁት እኔ ነኝ።

ፍራሽ ፀሐይ ላይ ባወጣሁ ቁጥር እማማ ዘውዴ በአጥሩ ላይ ብቅ ይላሉ።

"አምፖል ነው ወይስ ወባ?"

"ፍራሽ ነው፣ እማማ።"

"እንግዲያው ልቀመጥ" ይላሉ። እሳቸውም አይስቁ፣ እኔም አልስቅ።