ከይቅርታው ኋላ የተሰለፈ ማስጠንቀቂያ

ፓክ ዋጊማን ድረ ገጹ በስድስት ዓመት አንድ ቀን ወድቆበት አያውቅም። እኛ መራፒ ተራራ ሥር ያለን ሰዎች ጎርፍ ሲነሣ ስልካችን ላይ ማስጠንቀቂያ የሚደርሰን በእሱ ሥራ ነው። ዘዴውን ሲያስረዳ መስማት እንዴት ደስ ይላል! የመጣው ሁሉ በአንዴ አይስተናገድም፤ «ተቀብያለሁ» ይባልና ሰልፍ ይይዛል። ከኋላ አራት ትንንሽ ፕሮግራሞች ከፊት ከፊቱ እያነሡ ይልካሉ። መቶ ሺህ ቢመጣ ሰልፉ ይረዝማል እንጂ ማሽኑ አይታነቅም።

አለቃው ቡ ሱንዳሪ አምና፣ «ለአደጋ ለብቻው አጭር ሰልፍ አብጅለት» ብላው ነበር።

«እሺ ቡ» አለ፤ ወንዱን ፓክ፣ ሴቷን ቡ ብለን እናከብራለን። እኛ ዘንድ ለአለቃ እምቢ አይባልም፤ እሺ ተብሎ ይተዋል። እሱም ተወው።

በጾሙ የመጨረሻ ቀን ከሰዓት በኋላ ቡ ሱንዳሪ መጣች። «ፓክ፣ ለተመዘገበው ሁሉ በስማችን የኢድ ይቅርታ እንላክ።»

ለኢድ ይቅር በሉኝ የማይል ማን አለ? ይቅርታ ይበዛል ብሎስ ማን ይፈራል? አራት መቶ ሺህ ይቅርታ ተሰለፈ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የተራራው አናት ጠቆረ። ላይ ሆኖ ወንዙን የሚከታተለው ጠባቂ፣ «ጎርፍ ተነሥቷል፣ ከወንዙ ውጡ» ብሎ ላከ። ድረ ገጹ በትሕትና «ተቀብያለሁ» አለው። ጠባቂው እፎይ ብሎ ስልኩን አስቀመጠ። ማስጠንቀቂያው ግን ከሦስት መቶ ሺህ ይቅርታ ኋላ ቆሟል።

ዋጊማን ሰልፉን አየ። ታላቅ እህቱ ቱጊዬም ከሰባት ሰዎች ጋር ወንዙ ውስጥ አሸዋ ትዝቃለች። ደወለ፤ አታነሣም። ደገመ፤ አታነሣም። ከመሃል መዝዞ የሚያወጣበት መንገድ አላበጀም፤ ሰልፉን እንዳለ ሰረዘና ማስጠንቀቂያውን እንደ አዲስ መጻፍ ጀመረ። ይኼኔ ስልኩ ጮኸ፤ እህቱ ናት።

«አንተ ዋጊ! ይቅርታ የምትለኝ ምን አጥፍተህ ነው? ፍየሌን የሸጥካት አንተ ነህ እንዴ?»

«ምባክዩ፣ እህቴ፣ የት ነሽ?»

«ዳገቱ ላይ ዛፉ ሥር ነኛ! ስልኬ እየጮኸ አላሠራ ሲለኝ ወጣሁ። በዚህ ጥም ዳገት ታስወጣኛለህ?»

«እንዳትወርጂ! ጎርፍ መጥቷል!»

«የምን ጎርፍ? እዚህ ብራ ነው። ማስጠንቀቂያም አልመጣ።»

«አልመጣም፤ ያዘገየሁት እኔ ነኝ። ታች ያሉትን ጥሪያቸው!»

ስትጣራ ሰማ። በድንጋይ ላይ የሚንከባለል የጭነት መኪና የሚመስል ድምፅ በስልኩ መጣ። የአንድ መኪና አይደለም፤ የብዙ ነው። መስመሩ ተቋረጠ።

ማስጠንቀቂያውን ላከ። ወዲያው የገዛ ስልኩ ነዘረው፦ «ከወንዙ ውጡ።»

የመግሪብ አዛን ሲሰማ ቱጊዬም ጭቃ ለብሳ ቢሮው በር ላይ ቆመች። ከሰባቱ አራቱን አስከትላለች። ዋጊማን ከኋላቸው ሌላ ሰው ፈለገ፤ መንገዱ ባዶ ነው።

«ምባክዩ፣ ይቅር...»

«እሱስ ደርሶኛል» አለችው።